በስሜ የተከፈተው ፋይል

የጋሽ ሀብቴን ማረፍ የነገረኝ ታደለ ነው። ጅማ ቤቴ ምሳ በልቼ ወደ ከሰዓት ክፍሌ ልመለስ ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጮኸ።

«መምህር፣ ቁጭ በል» አለኝ።

«ቁጭ ብያለሁ፤ ምን ሆንክ?»

«ጋሽ ሀብቴ ዛሬ ጠዋት ዐረፉ። ቁርሳቸውን በልተው ‹ትንሽ ጋደም ልበል› አሉ፤ በዚያው ቀሩ። ቀብሩ ነገ ማንኪራ ነው።»

አለማልቀሴ ለራሴም ገረመኝ። ዕድሜ ጠግበው፣ አልጋ ላይ ሳይማቅቁ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ መሄዳቸው እፎይ የሚያሰኝ ነገር ነበረው። ከእንባው ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የመጣው ድምፃቸው ነው፦ «ሌላ ኳስ አለ።» ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። ኳስ መረብ ላይ ሲቀር ይሏታል። ዝናብ ጨዋታ ሲያቋርጥ ይሏታል። አንድ ጊዜ የዝውውር ማመልከቻዬ ውድቅ ሆኖ ፊቴን አጨፍግጌ ስመጣም ያሉኝ እሷኑ ነው።

ጋሽ ሀብቴ ሙሉ ስማቸው ሀብተማርያም ነው። ቦንጋ ውስጥ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የዞኑ መረብ ኳስ ቡድን አሠልጣኝ። ጨዋታውን የተማሩት በወጣትነታቸው ጅማ ተማሪ ሳሉ ነው። ቁመታቸው እንዲያው አጠር ያለ ስለነበር «መረብ ሥር ጎንበስ ሳይል የሚያልፍ ብቸኛው አሠልጣኝ የእኛ ነው» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። ይሰማሉ፣ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ የቀለደውን ሰው መርጠው ሜዳውን አሥር ዙር ያስሮጡታል።

ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ኮረሪማ አይጠፋም። ጨዋታው ሲጠብቅ ፍሬውን በጥፍራቸው እየፈለቀቁ አንድ አንድ ያኝካሉ። ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ሲኖር መዳፉ ላይ ሁለት ፍሬ ጠብ ያደርጉለታል፤ ተግሣጹም ምርቃቱም ያ ነው። አማርኛን የለመዱት በትምህርት ቤትና በቢሮ ስለሆነ ኳሱን አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ያደርጉታል። ደስ ሲላቸው ወይም ሲናደዱ ወደ ከፊኛ ይሻገራሉ፤ ያኔ የቦንጋ ልጆች ይስቃሉ፣ እኔ ደግሞ ተሰድቤ ይሆን ተመስግኜ እያልኩ ፊት ፊታቸውን አያለሁ።

እኔ ቦንጋ የገባሁት ዞኑ ገና ከሸካ ጋር አንድ በነበረበት ዘመን ነው። ከደብረ ብርሃን የተመደብኩ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ዝናቡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊያሳብደኝ ደርሶ ነበር፤ ያጠብኩት ሸሚዝ ሳይደርቅ ሳምንት ይሞላዋል። ማንንም አላውቅም፤ ከክፍል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ክፍል። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ነጋዴዋ ምራቂ ብርቱካን ወረወረችልኝ፤ እኔም በጣቶቼ ጫፍ ተቀበልኳት። ከጎኔ የቆሙ አጭር ሽማግሌ ብርቱካኗን ሳይሆን እጄን እያዩ «መምህር፣ አንተ ጣት አለህ» አሉኝ። በነጋታው ሜዳ ላይ ነበርኩ። ብቸኝነቴ ያበቃው ያን ቀን ነው፤ ይህንን ውለታ ከሁሉ አስቀድሜ እጽፈዋለሁ።

መረብ ኳስን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። አንዱ ኳሱን ይቀበላል፤ ሁለተኛው ከመረቡ አፍ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘጋጃል፤ ሦስተኛው ዘሎ ይመታል። ሰው የሚያጨበጭበው ለመቺው ነው። አዘጋጁን የሚያስታውሰው የለም፣ ኳሱ ካልተበላሸ በቀር። አዘጋጁ እኔ ነበርኩ።

መቺያችን ታደለ ነበር። ከደካ የመጣ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እጁ ጉልበቱ ጋ የሚደርስ የሚመስል ረጅም ልጅ። ጋሽ ሀብቴ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ደካ ሄደው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሲጫወት አዩት፤ ሲመለሱ አለቆቻቸውን ለምነው በኮንትራት ተላላኪነት አስቀጠሩት። ታደለም ታናሽ እህቱን አስቴርን ይዟት መጣና እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል አስገባት። ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የቤት ሥራ ሳትሠራ የመጣችበትን ቀን አላስታውስም። የታደለ ኮንትራት የሚታደሰው በቡድኑ ውስጥ እስካለ ድረስ መሆኑን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ከቡድኑ ከወጣ ሁለቱም ወደ ደካ ተመላሽ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ታደለ የመታው ኳስ መሬት ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል ብንል ብዙ አላጋነንንም። ከዚያ ሚዛን ከተማ ሄደን ተጫወትን። አምስተኛው ዙር ላይ እኩል ለእኩል ደረስን፤ የመጨረሻዋን ኳስ አዘጋጀሁለት፣ ዘለለ፣ መረቡ ላይ ለጠፋት። ተሸነፍን። በጭነት መኪና ጀርባ ስንመለስ አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ዝምታችን ግን ከስድብ ይብስ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ልጅ መምታት ጠፋው። ይዘላል፣ እጁን ያነሳል፣ ኳሷ ጋ ሲደርስ አንዳች ነገር ይይዘዋል። ወይ መረብ ላይ ትቀራለች፣ ወይ ከሜዳ ትወጣለች፣ ወይ ደግሞ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ወዲያ ማዶ ያስቀምጣታል፤ ተቃራኒዎቻችንም እያመሰገኑ ይቀበሉታል።

ሜዳችን ከመሥሪያ ቤቶቹ ጀርባ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ቁልፉን ቆልፎ በዚያ በኩል ወደ ቤቱ ያልፋል፤ አልፎም አይሄድም፣ ይቆማል። ቆሞም ዝም አይልም። የፋይናንሱ ሰውዬ «ጉልበትህን እጠፍ!» ይላል። ፖሊሱ «ትከሻህ ነው ችግሩ፣ ትከሻህ!» ይላል። ሻይ ቤት ያላቸው ሴትዮ «ልጁ አልበላም እኮ፣ በባዶ ሆድ ምን ይምታ?» ይላሉ። ታደለ ደግሞ የተነገረውን ሁሉ የሚያደርግ፣ ትልቅ ሰው የሚያከብር ልጅ ነው። ሰኞ ጉልበቱን አጥፎ ይመጣል፣ ማክሰኞ ትከሻውን ያሽከረክራል፣ ረቡዕ በሁለት ዳቦ ሆዱን ነፍቶ መዝለል ያቅተዋል። ሐሙስ ሁሉንም በአንዴ ሞከረና ወደቀ።

ጋሽ ሀብቴ ይህን ሁሉ ሲያዩ ለታደለ አንዲትም ቃል አልመከሩትም። እንዲያውም ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። የሜዳችን መስመር የሚሰመረው በአመድ ነበር፤ ኖራ ከየት ይመጣል? ዝናቡ በየቀኑ ያጥበዋል፣ እኛም በየቀኑ እንሰምራለን። ጋሽ ሀብቴ አመድ የሞሉ ባልዲዎችን ሜዳው ዳር ደረደሩ። የፋይናንሱ ሰውዬ አፉን ሲከፍት «ጎሽ፣ ምክር ያለው ባልዲ ያነሳል» ብለው አስጨበጡት። ፖሊሱን የመረብ ምሰሶ አስያዙት። ሴትዮዋን ኳስ ጠባቂ አደረጓቸው። በሦስት ቀን ውስጥ መስመራችን እንደ ደብተር መስመር ቀጥ አለ፣ መካሪም ጠፋ።

እኔስ? እኔ ባልዲ አልተሰጠኝም፤ አፌን አልከፈትኩማ። እኔ ያደረግኩት ኳሱን መቀነስ ነው። አሥር ኳስ ሲመጣልኝ ስምንቱን በሌላ በኩል ለቆመው መቺ እሰጣለሁ። ቡድኑን ማዳኔ ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። የሒሳብ አስተማሪ ራሱን ለማሳመን ብዙ አይቸገርም።

ያኔ ደግሞ ግምገማ የማይገባበት ቤት አልነበረም። ቢሮው ይገመገማል፣ ትምህርት ቤቱ ይገመገማል፤ የእኛም ቡድን በተሸነፈ ቁጥር አዳራሽ ገብቶ ይገመገማል። አንዱ ይነሳና «በእገሌ ላይ ሂስ አለኝ» ይላል፤ እገሌም ተነስቶ ጥፋቱን ይቀበላል፤ ካልተቀበለ ሁለተኛ ጥፋት ይሆንበታል። ቃለ ጉባኤ የምጽፈው፣ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ፣ እኔ ነበርኩ። እንግዲህ እስቲ አስቡት፦ መምታት የጠፋው ልጅ መሐል አዳራሽ ቆሞ፣ ዐሥራ ምናምን ሰው በየተራ እጁ ለምን እንደከዳው ሲነግረው።

አዋሳ ለሚደረገው የክልል ውድድር የስም ዝርዝር የሚላክበት ሳምንት ስለነበር የስፖርቱ ኃላፊም መጡ። ሁሉም ተናገረ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁና «ኳስ ባመቻችለትም አይጠቀምበትም» አልኩ። ከዚያ ተቀምጬ ያልኩትን ራሴ ጻፍኩት።

ታደለ ተነሳ። «ሂሱን እቀበላለሁ» አለ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ፈሪ ሆኛለሁ። ቡድኑን ከምጎዳ ብወጣ ይሻላል።»

ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው፣ ራሱን በትክክል ገምግሟል። ከዋጫ የሚመጣ ልጅ አለ ተብሏል፣ ይተካ። አቶ ሀብተማርያም፣ የእርስዎ አቋም?»

ጋሽ ሀብቴ ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ። ቆመውም ከተቀመጡት እምብዛም አይበልጡም። «እኔም ሂስ አለኝ» አሉ። «በራሴ ላይ ነው። ልጁ እኮ ይመታ ነበር። እጁ ያው እጁ ነው፣ አልተቆረጠም። ታዲያ መቺን ይዞ የማይመታ ያደረገ ማነው? አሠልጣኙ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ጻፍ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። «ጻፍ እንጂ!» አሉኝ። ጻፍኩ።

 ሰው ለልጅ ብሎ ጥፋት ሲወስድ ምን እንደሚባል ማንም አላወቀም። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲያው የሚመጣው ቅዳሜ ከሚዛን ጋር እዚሁ ጨዋታ አለ» አሉ። «ልጁ ይግባ። ካልመታ ግን ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ኮንትራቱም አይታደስም። እርስዎም ፊሽካውን ያስረክባሉ።»

«ይሁን» አሉ ጋሽ ሀብቴ፤ ከኪሳቸው ኮረሪማ አውጥተው።

በነጋታው ጠዋት ወደ መዝገብ ቤት አስጠሩኝ። ጠባብ፣ የእርጥብ ወረቀት ሽታ ያለው ክፍል ነው፤ ፋይሎቹ እስከ ጣራ። በር ዘግተው ከመሳቢያ አንድ ግራጫ ፋይል አወጡ። ሽፋኑ ላይ በዚያ ቀጥ ባለ የመዝገብ ቤት ጽሑፋቸው የእኔ ስም ከነአባቴ ተጽፏል፤ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ ኳስ ስለ ማዘጋጀት» ይላል። ውስጡ አንድ ወረቀት ብቻ አለ። በአንድ በኩል «ከፍ ያለ»፣ በሌላው በኩል «ዝቅ ያለ»፣ በሌላው ደግሞ «ለሌላ የተሰጠ»። በየዓምዱ ሥር በእርሳስ የተሰመሩ ትንንሽ ጭረቶች። «ከፍ ያለ» ከሚለው ሥር ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

«ይኸ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ያንተ ፋይል ነው።»

«የታደለስ የት አለ?»

«የታደለ የለም። እሱ ምን ሆነና?» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። «ትናንት ‹ኳስ ባመቻችለትም› ብለሃል፣ በእጅህም ጽፈሃል። ይኸን ደግሞ እኔ በእጄ ጻፍኩ። ሁለቱ ወረቀት አልተስማሙልኝም።»

 ልክድ አሰብኩ፤ ጭረቶቹን እያየሁ መካድ ግን ለአንድ የሒሳብ አስተማሪ ከባድ ነው። ለካ እኒህ ሰውዬ ሁላችንም ታደለን እያየን ሳለ እሳቸው የእኔን ጣት ሲያዩ ኖረዋል።

«ፈርተህ ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው።

«አዎ ጋሼ። እሱ ሲስት ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኛል። ‹አሁንም ለሱ ሰጠ?› የሚሉኝ ይመስለኛል።»

«እህ። እንግዲያ ልጁ ኳስ ካላገኘ በምን ይዳን? ከፍ አድርገህ ስጠው። ይስታል፤ ስጠው። ሦስቱን ቢስት አራተኛውን ስጠው። የሱ እጅ ያንተ ሥራ አይደለም። ያንተ ሥራ ከፍታው ነው።»

«ይህን ለታደለ ይነግሩታል?»

«እሱን ለኔ ተወው።»

«እንግዲያው ወረቀቱን እንቅደደው?»

ያን ጊዜ ብቻ ተቆጡ። «የተከፈተ ፋይል አይቀደድም!» አሉ። «ጉዳዩ ሲያልቅ ይዘጋል።» መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ያን ሳምንት ሁሉ ከፍ አድርጌ ሰጠሁት። ልምምድ ላይ አንዱን መታ፣ ሁለቱን ሳተ። እኔን ያስገረመኝና፣ እውነቱን ልናገር፣ ያናደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ታደለ እኔን አይዞህ ማለት ጀመረ! ኳስ ከእጄ ትንሽ ከተንሸራተተ ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል፤ «አይዞህ መምህር፣ ጥሩ ናት» ይለኛል። ሐሙስ ዕለት በአስቴር እጅ ሙዝ ላከልኝ። ሂስ የተቀበለው እሱ፣ አይዞህ የሚባለው እኔ! ኳስ እንድሰጠው እየለማመጠኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። አሳዘነኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ ከብዶ፣ ካፊያው ጀምሮ ገባን። ኃላፊው ወንበር ተደርጎላቸዋል። አስቴር ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ከአመዱ ባልዲዎች አጠገብ ቆማለች፤ የደብተሯን ጥግ በጥርሷ ይዛለች። የመጀመሪያዋን ኳስ ከፍ አድርጌ ለታደለ ሰጠሁት፤ መረብ። ሁለተኛዋን ሰጠሁት፤ መረብ። ከኋላዬ «ኧረ ለሌላው ስጥ!» የሚል ድምፅ ተነሳ።  ወደ ጋሽ ሀብቴ ዞር አልኩ። ታደለን አያዩም፤ እያኘኩ እኔን ነው የሚያዩት። አንድ ጣታቸውን አነሱ። ምን እንዳሉ መስማት አያስፈልገኝም ነበር፤ ሌላ ኳስ አለ።

ሦስተኛዋን ሰጠሁት፤ ከሜዳ ወጣች። አራተኛዋን የሰጠሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው ማለት ይቀላል። ድምፁን ሰማሁ፣ ያን የጥንቱን ድምፅ። ኳሷ የኋላውን መስመር ገጭታ አጥር ጥግ ደረሰች። ዳኛው ወጥታለች ብለው እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ የኳስ ጠባቂዋ ሴትዮ ኳሷን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው እየሮጡ መጡ፦ «አመድ አለባት! እዩት፣ አመድ አለባት!» እርጥብ አመድ ጎኗ ላይ ተለጥፏል። መስመሩን ነክታለች ማለት ነው። የፋይናንሱ ሰውዬ «ያን መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ!» እያለ ዘለለ።

ከዚያ በኋላ ታደለ ይመታልም ይስታልም፤ እንደ ሰው። አምስተኛው ዙር ላይ አሁንም እኩል ደረስን፣ አንድ ነጥብ ቀደምን። የመጨረሻዋ ኳስ ወደ እኔ ስትመጣ ረጥባ ነበር፤ ከጣቴ ሾለከች። በሕይወቴ ካዘጋጀኋቸው ሁሉ የከፋችው ኳስ እሷ ናት፦ ዝቅ ያለች፣ ጠማማ፣ ወደ ኋላ የቀረች። አለቀልን አልኩ። ታደለ ግን ምንም እንዳልተበላሸበት ሰው ዘሎ ነበር። አየር ላይ ተጣምሞ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ በግራ እጁ ጠፈጠፋት። በሚዛኖች ጣት መሐል ሾልካ ወደቀች። እኔ ዕድል ነው አልኩ። ታደለ ግን ሮጦ መጥቶ ያቀፈው እኔን ነው፤ «አየህ! አየህ መምህር! ምንም አልሆነችም!» እያለ። አስቴር ደብተሯን ጭቃ ላይ ጥላ ታለቅሳለች። ጋሽ ሀብቴ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ይዘው መጡና መዳፌ ላይ አኖሩ። ለታደለ አልሰጡትም።

አዋሳ ሄድን፣ በሁለተኛው ቀን ተሸንፈን ተመለስን። ማን ግድ አለው? የታደለ ኮንትራት ታደሰ፣ አስቴር አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ እኔም ከዓመታት በኋላ ወደ ጅማ ተዛወርኩ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲደክምብኝ ይህችን ታሪክ መናገር ልማዴ ሆነ፦ መምታት የጠፋውን አንድ ልጅ ኳስ እየሰጠሁ እንዴት እንዳዳንኩት። ጥሩ አድርጌ ነው የምነግራት። ግምገማው ላይ ምን እንዳልኩ ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ታደለ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ደውሎልኛል፣ ሠርጉ ላይ ሚዜው አድርጎኛል፤ ኳሱን ሆን ብዬ እንደነፈግኩት፣ ነፍጌም መሐል አዳራሽ እንደወነጀልኩት ነግሬው አላውቅም። 

የጋሽ ሀብቴን ማረፍ በሰማሁ ማግስት የጎጀብን ወንዝ ተሻግሬ ማንኪራ ደረስኩ። ሬሳውን ተራ በተራ የተሸከሙት የታደለ ተጫዋቾች ናቸው፤ እሱ አሁን ዋጫ የስፖርት አስተማሪ ነው፣ ቡድኑን ይዞ መጥቷል። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ የጋሽ ሀብቴ ባለቤት እትዬ አየለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና ከሥሩ አንድ ነገር አወጡ።

«መምህር፣ ይህን ‹እሱ ሲመጣ ስጪው፣ ቀድሞ ግን አይላክለት› ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

ግራጫው ፋይል ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ስሜ።  ልደብቀው ስል ታደለ አየውና ፈገግ አለ።

«ይቺን ፋይልማ አውቃታለሁ» አለ።

«እንዴት ታውቃታለህ?»

«ከግምገማው በኋላ በነጋታው ጋሽ ሀብቴ መዝገብ ቤት ጠርተው አሳዩኝ። ከሰዓት ላይ ነው። እየውልህ አሉኝ፣ መምህሩ ፈርቷል። ከአገሩ ርቆ የመጣ ብቸኛ ልጅ ነው፣ እጁ ተሳስሯል፤ አንተ ካልደረስክለት ይበላሻል። እንግዲህ አይዞህ በለው። ኳሷ ዝቅ ብትል፣ ብትጣመም፣ ፊትህን እንዳታጠቁርበት። የላከልህን ሁሉ ዝለልለት አሉኝ።» ሳቁን ለመያዝ አፉን በእጁ ሸፈነ። «በእውነት ያን ሳምንት ስለ ራሴ እጅ ያሰብኩበት ጊዜ የለም። አንተን ነበር የማስበው። ሙዝ የላኩልህ ለዚያ ነው።»

«ታዲያ … ግምገማው ላይ ያልኩትንም?»

«እሱንማ እዚያው ቆሜ ሰማሁት እኮ! ጭረቶቹን ሳይ ለምን እንዳልከው ገባኝ። የፈራ ሰው ብዙ ይላል። ያኔውኑ ረሳሁት።» ከዚያ ትንሽ አፍሮ ጨመረ፦ «እንዲያውም ለልጆቼ ይህን ታሪክ ሁሌ እነግራቸዋለሁ። እጁ የተሳሰረ አዘጋጅ እንዴት እንዳዳንኩ።»

ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ሀብቴ «የታደለ ፋይል የለም፣ እሱ ምን ሆነና?» ያሉኝ ለካ የምራቸውን ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የታማሚው አስታማሚ ነኝ ስል ኖሬ፣ ታማሚው እኔ ራሴ!

ሳቄን ስጨርስ ነው እንባዬ የመጣው። እትዬ አየለች ሳቄንም እንባዬንም አይተው አልተገረሙም፤ ከባላቸው ጋር ብዙ ዘመን ኖረዋልና ለምደውታል መሰለኝ። ፋይሉን ከፈትኩት። ያ ወረቀት፣ እነዚያ ጭረቶች። ከግርጌው በእርሳስ ሳይሆን በቀለም፣ በዚያች ዝናባማ ቅዳሜ ቀን፣ ከነፊርማቸው ሁለት መስመር ተጽፏል፦

«አዘጋጁ ድኗል። ጉዳዩ ስላለቀ ፋይሉ ይዘጋ።»

ለታደለ አሳየሁት። አነበበና ወረቀቱን መልሶ ፋይሉን ራሱ በእጁ ዘጋው።